በዝተናል፣ እማማ የሺ ግን ወጡ

በእንጅባራ እንደኔ የሚያነብ የለም። እሺ፣ ዘንድሮ በማታ ትምህርት ፊደል ከቆጠርነው መካከል ማለቴ ነው።

ዛሬ በሜቶዲስት ጉባኤያችን ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ መጽሐፍ ቅዱስ አነበብኩ። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ የወለጋ ተማሪ፣ የወላይታ ነጋዴ፣ የዳንግላ አስተማሪ።

ይህ ሁሉ ሰው ሳይመጣ የምናመልከው እማማ የሺ ቤት ነበር። እሳቸው የሚሰሙት አዊኛ ብቻ ስለሆነ ሁሌም ይተረጎምላቸው ነበር።

ዛሬ መጋቢያችን፣ "በዝተናል፤ ሰዓት ስለማይበቃን ከእንግዲህ ትርጉም የለም" አሉ። ለአዲሱ ድምፅ ማጉያ ሙከራ ግን ሰዓት ሞልቶ ነበር።

እያነበብኩ ሳለ እማማ በአዊኛ፣ "ልጄ፣ ምን እያልክ ነው?" አሉኝ።

ከመዘምራኑ አንዱ፣ "እማማ፣ ዝም ይበሉ! እየተቀረጸ ነው" አላቸው። አማርኛውን ባይሰሙም ቁጣው ገባቸው። ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ።

እኔም ንባቡን አቋርጬ ተከተልኳቸው፤ ክንዳቸውን ይዤ፣ ያነበብኩትን በአዊኛ እየነገርኳቸው እስከ ቤታቸው ሸኘኋቸው።

እናንተስ ጋ ቤቱን የሰጠ ሰው እንግዳ የሆነበት ጊዜ የለም? እስቲ ጻፉልኝ፤ አሁን ማንበብ እችላለሁ።

ከዚህ ሁሉ የፈጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሸኘኋቸው ያልኩት። እስከ መጨረሻው አነበብኩ፤ ከዚያም መጽሐፉን ይዤ ፎቶ ተነሳሁ።