ያልቆጠርኩት ማርሽ መቀየሪያ

እንደኔ ሆድ ያወጣ ሰው ሩቅ መንገድ በብስክሌት እሄዳለሁ ሲል የሱዳኗ ገዳሪፍ መጀመሪያ ትስቃለች፣ ቀጥሎ ትኩሳት ይኖረው እንደሆነ ግንባሩን ትነካለች። የኔንም ነክተውታል። እህቴ ገላባት፣ የኢትዮጵያ ድንበር ላይ፣ ሻይ ትሸጣለች፤ እሷን አይቼ ልመለስ ነበር ሐሳቤ። ሎሪ ሞልቶ ሳለ ለምን በብስክሌት? እንጃ። ሽበቱ ሲመጣ አንድ ነገር በራሴ እግር ማድረግ አማረኝ መሰለኝ።

ብስክሌቱን ከየቦታው ለቃቅሜ ነው የገጣጠምኩት። ከኋላ ዘጠኝ ማርሽ አለው። የቀረኝ መሪው ላይ የሚታሰረው መቀየሪያ ነበር፤ እሱም የግድ ለዘጠኝ የተሠራ መሆን አለበት። የስምንቱን ካሰርክበት ገመዱን አብዝቶ ይስብና ካቴናው ያልፈለግከው ጥርስ ላይ ይዘላል። ይሄን ያስተማረኝ ጓደኛዬ ነው።

ጓደኛዬ ከእህል ገበያው ጀርባ የብስክሌትና የባጃጅ ዕቃ ይሸጣል። እንደኔ የጎንደር ሰው ነው። እሱ አርብ ሶላት ሲሄድ ሱቁን እኔ እጠብቃለሁ፤ እሁድ እኔ ቤተክርስቲያን ስሄድ ሱቁ ፊት ለፊት የምሸጠውን የሰሊጥ ጆንያ እሱ ይጠብቃል። ስንት ዓመት እንዲህ ኖርን።

ከሳጥኑ አንድ መቀየሪያ አወጣ።

"የዘጠኝ ነው?"

"ወላሂ የዘጠኝ ነው። የማይገጥመው ያንተ ሆድ ብቻ ነው።"

እኛ ዘንድ ወዳጅ ወላሂ ብሎ የሰጠህን ዕቃ ፊቱ አትሞክርም። መሞከር መስደብ ነው። ጠቅ ጠቅ አድርጎ መቁጠር ምን ጊዜ ይፈጃል? አልቆጠርኩም። ራሱ አሰረልኝ፣ ገመዱንም ራሱ ወጠረው። እስከ መስጊዱ ነድቼ ተመለስኩ። ሜዳ ነው፤ ማርሽ መቀየር እንኳ አላስፈለገኝም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ሜዳው ላይ ንጉሥ ነበርኩ። ከዶካ ከተማ ወዲያ ዳገት ሲመጣ ማርሹን ላቀልል ብዬ መቀየሪያውን ነካሁት። ካቴናው ዘለለ። ደግሜ ነካሁት፤ ጥርሱን አልፎ የጎማው ሽቦ ውስጥ ተወተፈ። እኔና ብስክሌቱ መንገድ ዳር ያለው ማሽላ ውስጥ ገባን።

ተቀምጬ መቀየሪያውን ጠቅ ጠቅ እያደረግኩ ቆጠርኩ። ስምንት። እንደገና ቆጠርኩ። ያው ስምንት።

አንድ ሎሪ ቆመልኝ። ሾፌሩ፣ "ያ ዞል፣ ሰውዬ፣ አንተ ነህ እሱን የጣልከው ወይስ እሱ ነው አንተን?" ብሎ እየሳቀ ጫነን። እኔም ሳቅኩ። እስከ ገዳሪፍ ድረስ ለጓደኛዬ ሰበብ ስፈልግለት መጣሁ። ዓይኑ ደክሟል፤ ሳጥኑ ውስጥ ተቀላቅሎበት ነው፤ ሰው ነው ይሳሳታል። ሱቁ በር ላይ ስደርስ ይቅር ብዬው ጨርሻለሁ።

ጉልበቴ ደምቷል፣ ማሽላው ፀጉሬ ላይ አለ። ቀና ብሎ አየኝና፣

"ዳገቱ ላይ ነው?" አለኝ።

እኔ እኮ ገና ምንም አልተናገርኩም።

"አውቀህ ነው?"

ጨርቁን አንስቶ እጁን መጥረግ ጀመረ። "የሄደ ሁሉ ዘመድ ጠይቄ ልመለስ ነው የሚለው። ገላባት ይደርሳል፣ ድልድዩን ተሻግሮ አገሩ ይገባል፣ በቃ። እስቲ ማን ተመለሰ? አንድ ሰው ንገረኝ።"

"እኔ እመለሳለሁ አላልኩህም?"

"ብለሃል።"

"አላመንከኝማ።"

እጁን መጥረጉን ቀጠለ።

"ቁልቁለት ላይ ቢሆን ደግሞ ሎሪ ሥር ገብቼ ነበር።"

"እሱን አላሰብኩትም" አለ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር ሌላ መቀየሪያ አውጥቶ ፊቴ አኖረ። ለብቻው አስቀምጦት ነበር። "የዘጠኝ ነው።" አሁን ግን ወላሂ አላለም።

አነሳሁት። ቀልድ ፈለግኩ፤ ሁሌ አላጣም፣ ያን ቀን ግን አልመጣልኝም። እዚያው ፊቱ፣ ደንበኛ ቆሞ እያየ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ቆጠርኩ። አንድ። ሁለት። ሦስት። እስከ ዘጠኝ። በጥፊ የተመታ ይመስል አንገቱን ደፋ።

"ትክክል ነው" አልኩና ወጣሁ።

አርብ ዕለት የሶላት ሰዓት ሲደርስ ጆንያዎቼ ላይ ተቀምጬ ነበር። ጓደኛዬ እንደወትሮው ሱቁን ጠብቅልኝ ብሎ ይጠራኛል ብዬ ጠበቅኩ። ወጣ፣ ሱቁን ቆለፈ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተና በፊቴ አልፎ ሄደ።