አክስቴ ያልተጻፈችበት መጽሐፍ

ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት በክረምት ነው። ዘጠኝ ወር ወላይታ ውስጥ ቢጠና በምትባል ከተማ አስተምራለሁ፤ ሰኔ ሲያልቅ ሻንጣዬን ይዤ ወደ ዩኒቨርሲቲ እሄዳለሁ። እንዲህ እያልኩ አራት ክረምት ፈጀሁ። የትምህርት ክፍሉ ሀገር በቀል ዕውቀትና ትምህርት የሚባል ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ «አያቶቻችን በነጻ ላስተማሩን ነገር ዲግሪ ሊሰጡሽ ነው?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ ነገሩ ግን ብዙም ቀልድ አልነበረም።

የመመረቂያ ጽሑፌ የወላይታ ሴቶች የእንሰትን ሥራ ለሴት ልጆቻቸው እንዴት እንደሚያስተምሩ የሚያጠና ነው። አማካሪዬ ርዕሱን ወደዱት፤ አሥራ ሁለት ሴቶች አነጋግሪ አሉኝ። አነጋገርኩ። እውነቱን ለመናገር ግን አሥራ አንዱ ለቁጥር ማሟያ ነበሩ። ጽሑፉን የሞላችው አንዲት ሴት ናት፤ የአባቴ እህት፣ እናቴ ስትሞት ወስዳ ዳሞታ ተራራ ሥር ያሳደገችኝ አክስቴ።

አክስቴ ስታስተምር አትናገርም። ልጅ ሆኜ ጓሮ ትወስደኝና ዓይኔን አስጨፍና እጄን የእንሰቱ ቅጠል ጀርባ ላይ ታስቀምጠዋለች። «ይህስ?» ትላለች። በመዳሰስ ብቻ ዓይነቱን መናገር አለብኝ። ከተሳሳትኩ አታርመኝም፤ በማግስቱ እዚያው ቅጠል ላይ እጄን መልሳ ታስቀምጠዋለች። ማዚያ የሚባለውን እንሰት ከሌላው እስክለይ አንድ ሳምንት ሙሉ ተመላልሻለሁ። ያንን ሁሉ ዓመት ቆይቼ መቅረጸ ድምፅና የጥያቄ ወረቀት ይዤ ስመጣባት ሳቀች።

«ይህን ሁሉ ታውቂው የለም እንዴ? ለምን ትጠይቂኛለሽ?» አለችኝ፤ የምንነጋገረው በወላይትኛ ነበር።

«አንቺ ስትናገሪው ነው የሚጻፈው» አልኳት።

ሳቋን አቆመች። «ስሜም ይጻፋል?» ብላ ጠየቀች።

ይህ ጥያቄ ለእሷ ምን እንደነበር ልናገር። በሰፈራችን የወለደች ሴት የእከሌ እናት ተብላ በልጇ ነው የምትጠራው። አክስቴ አልወለደችም። ስለዚህ እኩዮቿ ሁሉ እናት እየተባሉ ሲሸመግሉ እሷ በስሟ ብቻ ስትጠራ ኖረች። በተጠራች ቁጥር መካንነቷም አብሮ ይጠራ ነበር። እኔ እንኳ ያሳደገችኝ ሆና፣ በእኔ ስም የጠራት ሰው አልነበረም። «ልጅ ስም ያስጠራል» ሲባል ስትሰማ ተነስታ ወደ ጓሮ ትሄድ እንደነበር አስታውሳለሁ።

«ይጻፋል» አልኳት። እጇን በውኃ አጥባ፣ በቀሚሷ አድርቃ መጣችና የስምምነት ቅጹ ላይ አውራ ጣቷን አተመች።

ጽሑፉን ሳዘጋጅ አማካሪዬ ስሞቹን አይተው ሰረዙ። በጥናት ደንብ የመረጃ ሰጪ ስም አይጠቀስም፣ በምትኩ መለያ ይሰጠዋል፣ ይህም እነሱን ለመጠበቅ ነው አሉኝ። ከምን እንደምንጠብቃቸው ልጠይቃቸው ነበር፤ አልጠየቅኩም። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነውና አክስቴ «ፒ 4»፣ አራተኛዋ ተሳታፊ፣ ሆነች። ጥፋቱን ሁሉ ግን ደንቡ ላይ አልከምርም። የምስጋናው ገጽ የራሴ ነበር፤ እዚያ «ያሳደገችኝ አክስቴ» ብዬ ስሟን ብጽፍ ማንም አይከለክለኝም። እኔ የፈራሁት ፈታኞቹ የገዛ ዘመዷን ነው የጠየቀችው ብለው ነጥብ እንዳይቀንሱብኝ ነው። አማካሪዬን፣ ጽሕፈት ቤቱን፣ ባለቤቴን በስም አመስግኜ «መረጃ ሰጪዎቼን በሙሉ» ብዬ ዘጋሁት።

«በጣም ጥሩ» ተብዬ አለፍኩ። አንዱን ቅጂ በጥቁር ጠንካራ ሽፋን አስጠርዤ ወሰድኩላት። በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። «የቱ ጋ ነኝ?» አለች።

ልነግራት ይገባ ነበር። ቃሉ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ነገር ግን ፊቷን አየሁና ጣቷን ይዤ «ፒ 4» ላይ አስቀመጥኩት። «ይኸውና» አልኳት።

ጣቷን ወዲያና ወዲህ አደረገችው። «ይህን ያህል አጭር ነው?»

«በእንግሊዝኛ ያጥራል።»

አመነችኝ። ያስተማረችኝ ልጅ ነኝ፤ ለምን አታምነኝም? መጽሐፉን በነጠላ ጠቅልላ አስቀመጠችው። የጽዋ ማኅበሯ ሴቶች ሲመጡ አውጥታ ታሳያቸው ነበር አሉ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ግን እሷ ቤት በሄድኩ ቁጥር ይከብደኝ ነበር።

በዚያው ዓመት ቀበሌው የጎልማሶች ትምህርት ከፈተ። አንድ ለአምስት የተደራጁት ሴቶች ተሰብስበው ከሰዓት በኋላ ይማሩ ነበር፤ አክስቴም ደብተር ይዛ ሄደች። እኔ ደግሞ ቀለድኩባት። «በእርጅና ምን ልትሆኚ ነው?» አልኳት። «የማነበው አለኝ» አለችኝ። ትምህርቱ በወላይትኛ ነው፤ ወላይትኛ ደግሞ የሚጻፈው እንግሊዝኛው በሚጻፍበት በላቲን ፊደል ነው። ፊደል አስተምሬ እንጀራ የምበላ ሰው ይህን አላሰብኩትም።

ከጥምቀት በኋላ ልጠይቃት ስሄድ መጽሐፉን ከነነጠላው አውጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

«ይህ የሌላ ሰው ነው» አለችኝ። «ተቀያይሮብሽ ነው። የስሜን ፊደላት ለይቻለሁ፤ በየገጹ ፈለግኩት፤ የለም። የዚህኛው ባለቤትም የራሷን እየፈለገች ይሆናል። መልሺላትና የእኔን አምጪልኝ።»

እንዲህ ስትል ዓይኗን ከፊቴ ላይ አላነሳችም። እኔ ነኝ ያቀረቀርኩት። «ተሳስቼ ነው፤ አመጣልሻለሁ» አልኳት።

አላመጣሁም። ፈተና ደረሰ፣ የማረሚያ ወረቀት ተቆለለ፣ ነገ ዛሬ ስል ጊዜው ሄደ። ከዚህ ሁሉ በላይ አፍሬ ነበር። በሄድኩ ቁጥር አትጠይቀኝም፤ ቦርሳዬን አንዴ ታየውና ስለ ሌላ ነገር ታወራለች። እኔም አለመጠየቋን እንደ ምሕረት ቆጠርኩት።

አንድ ቀን ጠዋት ክፍል ውስጥ እያለሁ ስልክ መጣ። አክስቴ ወድቃ ሶዶ ኦቶና ሐኪም ቤት ገብታለች። ስኳር እንዳለባት የታወቀው ያን ጊዜ ነው፤ ዓይኗም ብዥ ብሏል አሉኝ። መኪና ተሳፍሬ ሶዶ ስደርስ በቀጥታ ወደ እሷ አልሄድኩም። ፍላሽ ዲስኬን ይዤ መናኸሪያው አጠገብ ያለ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ገባሁ። ጸሐፊዋ ልጅ «ፒ 4» የሚለውን በየገጹ እያወጣች በአክስቴ ስም ተካችው።

«ይሄ ሴትዮ ማነው ቲቸር?» አለችኝ፣ ሴቱን ከወንድ በማይለየው የአካባቢያችን አማርኛ። «ሁሉ ቦታ እሱ ነው የሚናገረው።»

«አክስቴ ናት» አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፉ ፊት አክስቴ ናት ያልኩት እዚያ ነው።

ሁለት ዓመት ያላደረግኩት ነገር ከነሕትመቱና ጥረዛው ከሁለት ሰዓት በታች ወሰደ። ሳስበው እስካሁን ያንገበግበኛል።

አክስቴን ያገኘኋት መስኮት አጠገብ ያለ አልጋ ላይ ነው። ድምፄን ሰምታ ወደ እኔ ዞረች፤ ዓይኗ ግን በትከሻዬ በኩል አለፈ። መጽሐፍሽን አመጣሁልሽ አልኳትና ጣቷን ይዤ ስሟ ላይ አስቀመጥኩት። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጠራሁላት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ያን ጊዜ ጣቴን ያስቀመጥሽበት ቦታ ነው?» አለችኝ።

«አዎ፣ እዚያው ነው።»

«ያን ጊዜም አለ ብለሽኝ ነበር።»

ቁጣ አልነበረባትም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። መጽሐፉን የሌላ ሰው ነው ብላ የመለሰችልኝ ተሳስታ አልነበረም፤ እንዳላፍር ብላ፣ ጥፋቴን በራሴ እንዳርም መንገድ ከፍታልኝ ነበር። ልክ እንደ ቅጠሉ፣ እዚያው ላይ መልሳ አስቀምጣኝ ስትጠብቅ ኖራለች። እንባዬ መጣ። አሁን እውነት ነው አልኳት፤ ማልኩላት። ነርሷን ልጥራና እሷ ታንብብልሽ አልኳት።

«ተይ፣ ሰው ፊት አትዋረጂ» አለችኝ። ጣቷን ከወረቀቱ ላይ አነሳችና እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ስሜን ተይልኝ። ከእንግዲህ የትም አትጻፊው። ከእኔ ጋር ይሂድ።»

በሦስተኛው ቀን አረፈች። ቀብሯ ላይ ሰው ሁሉ ስሟን እየጠራ አለቀሰ፤ መጽሐፉ ከቦርሳዬ አልወጣም። የሚያውቁኝ ሰዎች ስለ እሷ እንድጽፍ ብዙ ጊዜ ጠይቀውኛል፤ ይኸው ጻፍኩ። ስሟን እዚህም ያልጻፍኩት ስለከለከለችኝ ነው።