ጉምሬ በኪሳችን የምትከትልን ወረቀት

እትዬ ጉምሬ ጉልበቷን እስክትታመም ድረስ ያነበበችው ነገር ቢኖር ልብስ ላይ የሚሰፋውን ምልክት ብቻ ነው። «በሙቅ ውሃ አይታጠብ»፣ «ካውያ አይንካው»። እዚህ ኮሪያ፣ በሚጆ ወደብ፣ ሰው ሁሉ ልብሱን የሚያሳጥበው በእሷ ላውንደሪ ስለሆነ ማን እንደወፈረ፣ ማን እንደከሳ፣ ማን ምን በልቶ ምን እንደደፋ ከሁሉ ቀድማ ታውቃለች። ከዚህ የበለጠ ታሪክ ያስፈልገኛል ብላ አስባም አታውቅ።

ጉልበቷ ሲብስባት ጂንጁ ከተማ ሆስፒታል ገብታ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። አጠገቧ ተኝታ የነበረችው ሴትዮ ድና ስትወጣ ሽፋኑ የተገነጠለ ልብ ወለድ ትታላት ሄደች። ጉምሬ መጀመሪያ ማራገቢያ አደረገችው፤ ክፍሉ ይሞቃል። በኋላ ማራገቡ ቀረና ማንበቡ መጣ። ባሏ ገንፎ ይዞ ሊጠይቃት ሲገባ «እሽ! ዝም በል፣ ልጅቷ ልትያዝ ነው!» ብላ እጇን አወናጨፈችበት። ሰውዬው ገንፎውን ራሱ በልቶ በመጣበት አውቶቡስ ተመለሰ።

እኔ ጎረቤቷ ነኝ፤ ሙንሆ እባላለሁ፤ ገመድና የዓሣ መረብ እሸጣለሁ። ሱቄና ላውንደሪዋ የሚጋሩት አንድ ስስ ግድግዳ ነው፤ ስለዚህ ከሆስፒታል ተመልሳ የሆነችውን ሁሉ ፈለግሁም አልፈለግሁም ሰምቻለሁ። ካውያው ሲቆም ሳቋ ይመጣል፤ ሳቋ ሲቆም ደግሞ የተቃጠለ ጨርቅ ይሸተኛል። የርዕሰ መምህሩ ሱሪ የተቃጠለው አንድ ምዕራፍ መሃል ላይ ነው። ሰውዬው ሊቆጣ መጥቶ መጽሐፍ ተውሶ ሄደ።

«ሱሪውስ?» አልኳት።

«ሱሪ ሌላ ይገዛል! ይልቅ አንተ መቼ ነው የምታነበው?»

«እኔ ሥራ አለኝ፣ እትዬ።»

«የምን ሥራ? ቀኑን ሙሉ ዝንብ ስታባርር አይደል የማይህ!»

ከዚያ ነው አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥበት ቤት ያቺን መጽሐፍ ያገኘቻት። «ሁለት በር ያለው ወጥ ቤት» ትባላለች። ጁንግሶክ የሚባል ማንም የማያውቀው ሰው ነው የጻፋት። ሁለት እህትማማቾች በአንድ ወጥ ቤት እያበሰሉ፣ ተኳርፈው፣ አንዷ በዚህ በር ሌላዋ በዚያ በር እየገቡ ሲኖሩ፣ ሳይታረቁ ታናሽየዋ ትሞታለች። ጉምሬ አንብባ ስትጨርስ ድምፅ አውጥታ ነው ያለቀሰችው። እኔ ባሏ የሞተ መስሎኝ ሮጬ ገባሁ። ባሏ ቁጭ ብሎ ሐብሐብ ይበላል።

ይህን ለብቻዋ መያዝ አልቻለችም። ታጥቦና ተተኩሶ በሚወጣው ልብስ ሁሉ ኪስ ውስጥ ብጣሽ ወረቀት መክተት ጀመረች። ባንድ በኩል የመጽሐፏን ስም፣ በሌላው በኩል ስሜቷን ትጽፋለች። ክፉ ሐሳብ አልነበራትም፤ ነገር ግን የካፒቴን ፒልጁ ሚስት ዶክሱን የባሏን ኪስ ስትፈትሽ ያየችው ስሜት ያለበትን በኩል ብቻ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስቄያለሁ፣ አልቅሻለሁ። ነገ ብቅ በል፣ ማንም ሳይቀድምህ እሰጥሃለሁ። ጉምሬ።»

ዶክሱን ወደቡ ላይ የዓሣ ምግብ ቤት ያላት፣ ድምጿ ከመርከብ ጥሩምባ የማያንስ ሴት ናት። ወጥ እያማሰለች ነበርና ጭልፋዋን እንደያዘች መጣች። መረቁ መንገዱን ሁሉ ተንጠባጥቧል።

«አንቺ! ባሌን ምንድነው የምትሰጪው?»

ጉምሬ ቀና እንኳ ሳትል መተኮሷን ቀጠለች። «ቸኮለ እንዴ? ወረፋ አለበት በይው፤ ከርዕሰ መምህሩ ቀጥሎ ነው።»

«ከርዕሰ መምህሩም ጋር?!»

«ከፖስተኛውም ጋር። ምን ላድርግ፣ ያለኝ አንድ ነው፣ በየተራ ነው እንጂ። ደግሞ ባልሽ ቶሎ ይጨርሳል ብዬ አላምንም።»

ጭልፋው ወደ ላይ ተነሣ። እኔ የምለካውን ገመድ እንደያዝኩ መሃላቸው ገባሁ፤ መረቁ ግንባሬ ላይ ፈሰሰ። «እትዬ ዶክሱን፣ ወረቀቱን ገልብጪው! ገልብጪው በናትሽ!» ገለበጠችው። የመጽሐፉን ስም አነበበች። ደግማ አነበበች። ከዚያ የቆሸሸው ልብስ ክምር ላይ ተቀመጠችና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ጉምሬም ምን እንደሆነ ዘግይቶ ሲገባት ካውያውን ነቅላ አጠገቧ ወደቀች። ዶክሱን በዚያው ወረፋውን ሁሉ ጥሳ መጽሐፏን ነጥቃ ሄደች።

በማግሥቱ ዓይኗ አብጦ መጣች። በሆምጣጤና በበርበሬ የታሸ ጥሬ ዓሣ በሳህን ይዛ ነበር። ይቅርታ የሚባል ቃል አልወጣትም። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አኑራ «ጨው በዝቶበት እንደሁ ቅመሺው» አለች። ጉምሬ ቀመሰች። «ልክ ነው» አለች። ወዲያው ዶክሱን ጠረጴዛውን በጡጫ መታችው። «ታናሽየዋ ለምን ሞተች? ምን አደረገች?»

የንባብ ማኅበራችን የተጀመረው ያኔ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ማሽኖቹ ሲቆሙ፣ ላውንደሪው ውስጥ። ዓሣ በመቀቀል የምትተዳደረው ሶክጃ ማንም ሳይጠራት መጣች፤ ከጤና ጣቢያ ወጣቷ ነርስ ዳሶም ተጨመረች። እኔ የተጠራሁት የፕላስቲክ ወንበር ስላለኝ ነው። ወንበር ያመጣ ሰው ቆሞ አይሰማም፣ ተቀመጥኩ። የተቀመጠ ሰው ደግሞ ሳያነብ መምጣት አይችልም፤ ጉምሬ ትጠይቃለች።

ክረምቱ ሳይገባ ወደቡ በሙሉ በሁለት ተከፈለ። መርከበኞቹ መረብ እየጎተቱ ታላቅየዋ ናት ጥፋተኛዋ፣ የለም ታናሽየዋ ናት እያሉ ይጨቃጨቃሉ። ካፒቴን ፒልጁ፣ በሳምንት ሁለት ቃል የማይናገር ሰው፣ አንድ ቀን በመርከቡ ድምፅ ማጉያ «ታላቅየዋ ልብ የላትም!» ብሎ ጮኸ። አንድ ቅጂ ስላልበቃን እያንዳንዳችን አዘን አስመጣን።

አንድ ቅዳሜ ቀጭን፣ መላጣ፣ ዓይናፋር ሰውዬ ላውንደሪው በር ላይ ቆመ። ኮቱ አውቶቡስ ውስጥ ተጨማዶ የበግ አንጀት መስሏል።

«ጌታው፣ በዚህ ኮት ሰው ፊት ሊቀርቡ ነው?» አለችው ጉምሬ። «ያውልቁት። ሸሚዙንም ያውልቁት፣ አንገቱ ቆሽሿል።»

ሰውዬው ሊናገር አፉን ሲከፍት ሸሚዙ ማሽን ውስጥ ገብቷል። እንዳይበርደው አንዲት ደንበኛ ሳትወስደው የቀረ ሐምራዊ፣ አበባ አበባ ያለበት የሴት ጃኬት አለበሰችው። ሐምራዊ ጃኬት ለለበሰ ሰው «እርስዎ» ማለት ከበዳትና ወዲያው «አንተ» አለችው።

«ሸሚዝህ እስኪደርቅ ዝም ብለህ ከምትቀመጥ ይህቺን አንብብ። አንብበሃታል?»

መጽሐፏን አይቶ ጆሮው ቀላ። «አዎ… አውቃታለሁ።»

«ታዲያ እንዴት ነች?»

«ምንም አትልም።»

«ምንም አትልም?! ሙንሆ፣ ስማው ይህን ሰው! ወንድሜ፣ ዓይን አለህ? ይህቺ መጽሐፍ ከመጨረሻው በቀር አንድ እንከን የላትም። መጨረሻዋን ግን ደራሲው ተኝቶ ነው የጻፈው።»

በዚህ መሃል ሌሎቹ መጡ፤ እኔም ወንበሮቹን ዘረጋሁ። እንግዳው ሸሚዝ ስለሌለው የትም አይሄድም፣ መሃላችን ተቀመጠ። ሶክጃ ስለ ታናሽየዋ ገና ስታነሳ ማልቀስ ጀመረች። ዶክሱን ደራሲው በእጇ ቢገባ ምን እንደምታደርገው በዝርዝር ተናገረች። ሰውዬው ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘጋው። በመጨረሻ ግን አላስቻለውም።

«መሞት ነበረባት!» አለ ብድግ ብሎ። «ባትሞት ኖሮ ታላቅየዋ ያንን በር መቼም አትከፍተውም!»

«ትከፍተዋለች!» አለች ጉምሬ።

«አትከፍተውም! ኩሩ ናት! ከልጅነቷ ጀምሮ ኩሩ ናት!»

«የልጅነቷን አንተ በምን አወቅህ? መጽሐፉ ውስጥ የለ! ደግሞ ራስህ የጻፍካት ይመስል…»

«እኔ ነኝ የጻፍኳት።»

ከዚያ ዶክሱን «እኔ ደግሞ ንግሥቲቱ ነኝ» አለችና ሁላችንም ሳቅን። ዳሶም ግን መጽሐፏን ገልብጣ ጀርባዋ ላይ ያለውን የደራሲውን ፎቶ ከሰውዬው ፊት ጎን ያዘችው። ፎቶው ጎፈሬ የሚያህል ፀጉር አለው። «ፀጉሩን ተዉት» አለች፤ «ጆሮውን እዩት! ጆሮውን!» አየን። እንዲህ ያለ ጆሮ ያለው ሰው ኮሪያ ውስጥ ሁለት አይኖርም።

ጉምሬ ጠፋች። ፈለግናት፤ ከተሰቀሉት ልብሶች ሥር ሁለት እግሮቿ ይታያሉ። «እትዬ፣ ውጪ!» ብንላት «የለሁም በሉት!» ትላለች። ሰውዬው መሳቅ ጀመረ፤ አንድ ጊዜ ከጀመረ በኋላ ማቆም አቃተው። አሳታሚው ደውሎ «መጽሐፍህ አገር ምድሩ ላይ አልተሸጠም፣ አንድ የዓሣ ወደብ ብቻ ይገዛዋል» ብሎት፣ ስህተት ነው ብሎ ሊያጣራ መምጣቱን በሳቅ መሃል ነገረን።

ጉምሬ ፀጉሯ ተንጨባርሮ ከልብሱ መሃል ወጣች። ይቅርታ ትጠይቃለች ብዬ ጠበቅሁ። ጉምሬ እኮ ናት! ጣቷን ደረቱ ላይ ተከለችና «ለምን ገደልካት?» አለችው።

ሰውዬው ተቀመጠ። «እውነቱን ልንገራችሁ?» አለ። «እንዴት እንደሚታረቁ አላወቅሁም። ብዙ ሞከርኩ። አንዷ ስትናገር ውሸት ይመስላል፣ ሌላዋ ስትመልስ ውሸት ይመስላል። ቢቸግረኝ ገደልኳት።»

«መናገር ማን አለ!» አለች ዶክሱን። «ሳህን ይዛ ትገባለቻ! ‹ጨው በዝቶበት እንደሁ ቅመሺው› ትላለች። በቃ፣ አለቀ!»

ሰውዬው ፊቱን በሐምራዊው እጅጌ ሸፈነ፤ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ ለማወቅ አልቻልንም። ሶክጃ ለማንኛውም ብላ አለቀሰችለት። ዶክሱን ምግብ ቤቷ ወስዳ ዓሣና ሶጁ የሚባለውን አረቄያችንን አቀረበችልን፤ ካፒቴን ፒልጁ ደራሲውን አንገቱን አቅፎ የመርከብ ዘፈን ዘፈነለት። ጉምሬ በተጠገነው ጉልበቷ ወንበር ላይ ወጥታ ጨፈረች። «ከደራሲ ጋር ተሰዳደብኩ! አፌን ሞልቼ!» እያለች በመንገድ የሚያልፈውን ሁሉ በመስኮት ትጠራለች። ሰውዬው ወደ አውቶቡሱ የተሸኘው በዚያው ጃኬት ነው፤ ሸሚዙን ማሽኑ ውስጥ ረስተነው።

መጽሐፉን አልቀየረውም፤ አንዴ የታተመ ምን ይደረጋል። ነገር ግን ከወር በኋላ የላውንደሪው ስልክ ጮኸ። እሱ ነበር። ተራ ነገር ተጫወተና በመጨረሻ «እትዬ ጉምሬ፣ ምን ላንብብ?» አላት። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ እንደ ሙሽራ ስትሽኮረመም በዓይኔ አይቻለሁ። እኛ ቅዳሜያችንን ሁሉ ተጨቃጨቅን፤ እሷ ግን ማንንም ሳትሰማ ራሷ መርጣ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ላከችለት።

ደግሞ ደወለ። መሃሉ ላይ ሰልችቶት እንደተወው ነገራት።

«ምን?! መሃሉን እለፈዋ! ከዚያ በኋላ ነው የሚጥመው! ወይኔ፣ ይህ ሰውዬ እኮ ማንበብ አያውቅም!»

ስልኩን ዘጋችው። ፊቷ እንደ መብራት በርቷል። ልብስ ሊያስረክቡ የቆሙትን ሰዎች ለእኔ ትታ፣ «አንድ ደራሲ አልታዘዝም አለኝ!» ብላ ለወደቡ ሁሉ ልትናገር በጫማዋ እየተደነቀፈች ሮጠች። ያን ከሰዓት ያንዱን ሱሪ ለሌላው እየሰጠሁ ስንት ሰው እንዳሳሳትኩ አላውቅም፤ ሁሉም ግን እየሳቀ ሄደ።