የዶሮው አጥር

የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሳለሁ፣ ሀና ማርያም ባለው ቤታችን ውስጥ አምርሬ የምጠላው ሰው ይኖር ነበር። ጋሽ ተሰማ ይባላሉ፤ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። መንግሥት ሲለወጥ አሠሪያቸው ፈረንጅ ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ ገባ፤ እሳቸውም አንድ ሻንጣ ይዘው እኛ ቤት ገቡ። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ወንድሙን አስገብቶ ክፍለ ሀገር ወጣ፣ ከእሳቸው ጋር የቀረነው እኔና እማዬ ነን። እማዬ ደግሞ ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ልጅቷን እንግሊዝኛ እስካስተማሩ ይቀመጡ፣ የሚያስተምሩት ያለቀብዎ ቀን ግን ሻንጣዎን ያንሱ ብላ ፊት ለፊት ነገረቻቸው።

ጋሽ ተሰማ የፈረንጁ ቢሮ ጸሐፊ ነበርኩ ይሉ ነበር። የሚያስተምሩት በተረት ነው። ያኔ ሰፈራችን መብራት አልገባም ነበርና፣ ሲመሻሽ፣ ሽሮው ከሰል ላይ እየተንተከተከ፣ የከሰሉ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ ፋኖሱን ወደራሳቸው ሳብ አድርገው «ራን» የምትባል አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ይዘው ይቀመጣሉ። መሮጥ ማለት ነው ብዬ ብመልስ፣ «እሱንማ አህያም ታውቀዋለች» አሉኝ። ከዚያ በየምሽቱ አንድ ትርጉም፣ ለየትርጉሙ አንድ ተረት። ሥጋ ቤት ከፍቶ «ራን» የሚያደርግ ጅብ ነበር፤ ማስተዳደር ማለት ነው። ጉንፋን ይዞት አፍንጫው «ራን» የሚያደርግ ዝንጀሮ ነበር። ሞተሩ «ራን» እያደረገ ከቆመበት ንቅንቅ የማይል አውቶብስም ነበር፤ ተሳፋሪዎቹ በሙሉ በጎች። እውነቱን ለመናገር ተረታቸው ይጥማል። የጅቡን ድምፅ ሲያወጡ እማዬ እንኳ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ድስቱ ትዞራለች። ወዲያው ግን ፊቷን አኮሳትራ፣ ይቺ ቃል አታልቅም ወይ ትላለች። ገና ናት ይላሉ።

ተረቱን ብወደውም ሰውየውን መውደድ አልሆነልኝም። በተሳሳትኩ ቁጥር ጆሮዬን ይቆነጥጡኛል። አንድ ቀን ደግሞ የክፍል ጓደኛዬ ቤት መጥታ ሳለ፣ አነባበቤን እንደ ፍየል ድምፃቸውን እያርገበገቡ ደገሙት። በማግስቱ ክፍሉ ሁሉ እንደ ፍየል ተቀበለኝ። ደሜ ፈላ።

ያን ሰሞን የነገሩን የዶሮ ተረት ነበር። ፈረንጆች ዶሮ የሚለቁበትን የሽቦ አጥርም «ራን» ይሉታል አሉ፤ እማዬ፣ አጥር እንዴት ሩጫ ይባላል ብላ አላመነችም። እኔም ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ገብቼ፣ ያለችውን ትንሽ መዝገበ ቃላት፣ ሽፋኗ የተገነጠለውን፣ ገለጥኩ። ማስተዳደሩም፣ አፍንጫውም፣ ሞተሩም አሉ። የዶሮ አጥር የለም። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

የዚያኑ ዕለት ሲመሻሽ፣ ተረት ሳይጀምሩ ቀደምኳቸው።

«ጋሼ፣ የዶሮው አጥር መጽሐፉ ላይ የለም» አልኩ።

እማዬ ማማሰያውን አስቀመጠች። «ለካ ከራስዎ እየፈጠሩ ነው የሚያስተምሯት? እንግዲህ ካለቀብዎ አለቀብዎ ነው።»

ጋሽ ተሰማ ፋኖሱን ከፊታቸው ገፋ አደረጉት። ዝም ቢሉ ውሸታም ሊባሉና ሊባረሩ ነው።

«ያን አጥር አሥራ አንድ ዓመት የጠረግኩት እኔ ነኝ» አሉ። «የፈረንጁ ሚስት በየጠዋቱ «ራን» ብላ በስሙ እየጠራች ነው የምትልከኝ።»

«ጸሐፊ ነበርኩ አላሉም እንዴ?» አለች እማዬ፤ ሳቀችባቸውም። እኔም ሳቅኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣቸውን አንስተው ወጡ። አባቴ ሲመለስ እማዬን ወር ሙሉ አኮረፋት። እሳቸው ብስራተ ገብርኤል አካባቢ የሰው ግቢ ዘበኛ ሆነው ኖሩ፤ ደጃችንን ዳግም ሳይረግጡ እዚያው አረፉ።

ብዙ ዓመት አልፎ የትርጉም ሥራ ስጀምር፣ መሥሪያ ቤቴ ጠረጴዛዬ ላይ እንደ ጡብ የሚከብድ መዝገበ ቃላት አስቀመጠልኝ። መጀመሪያ የገለጥኩት ያቺኑ ቃል ነው። በደቃቁ ተጽፎ፣ ወደ ገጹ መጨረሻ፣ ዶሮ የሚለቀቅበት አጥር ይላል።

ለዚያ የፍየል ድምፅ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም፤ የራሴንም ሳቅ እንደዚያው። ከዶሮው አጥር በታች ገና ሌላ ብዙ ትርጉም ተዘርዝሯል። አንድ በአንድ አንብቤያቸዋለሁ፤ አንዳቸውም ተረት የላቸውም።