ሽሮ የማትበላዋ ድመት

የአባቴን እግር አይጥ እየበላው እንደሆነ የነገረኝ ሐኪም ነው። እኔ ጫማ የላጠው ቁስል መስሎኝ ነበር። አባቴ ደግሞ ምንም አልመሰላቸውም፤ የስኳር በሽታው ከቁርጭምጭሚታቸው በታች ያለውን ሁሉ ስላደነዘዘው እሾህ ቢወጋቸው እንኳ አይሰማቸውም። ሐኪሙ የግራ እግራቸውን ትንሿን ጣት አገላብጦ አየና፣ «ይሄ የጥርስ ምልክት ነው፤ ሲተኙ እየመጡ ነው» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ኪኒን እንደሚያዝ ሰው ረጋ ብሎ፣ «ድመት ፈልጊ። ሁለተኛ ከተነከሱ እግሩን ላናተርፈው እንችላለን» አለኝ።

አባቴ ሸማኔ ነበሩ። ለሚያያቸው ሰው ሸማኔ የሚሠራው በእጁ ብቻ ይመስላል፤ ግን ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ክሩን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን መርገጫ የሚረግጠው በእግሩ ነው። እግር ከሌለ ሽመና የለም፣ ሽመና ከሌለ እኛ የለንም። ጉለሌ ውስጥ ከዊንጌት ከፍ ብሎ በነበረችው ባለ አንድ ክፍል ቤታችን የእሳቸው አልጋ፣ የእኔ መደብ፣ የሽመናው ጉድጓድና የእመቤታችን ሥዕል ተጠጋግተው ይኖሩ ነበር። ማድ ቤቱ ጓሮ ለብቻው ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ የማላውቀው ነገር ያለም አይመስለኝም ነበር። ድመት ግን አሳድጌ አላውቅም።

ወጥመድ ሞክረናል፤ ከአንድ አይጥ በኋላ ሌሎቹ ነቁበት። የቀበሌው ሱቅ እንኳን የአይጥ መርዝ ሊኖረው ሳሙናውም የሚመጣው ሲመጣ ነው። ድመቷን የሰጠችኝ አጥር የምትጋራን ጎረቤታችን ናት፤ እቴቴ ነበር የምላት። ድመታቸው ወልዳ ልጆቿ አድገው ስለነበር አንዷን ቡራቡሬ፣ ጆሮዋ ትልልቅ፣ ቀጭን እንደ ክር የሆነች አነሳችልኝ። «ምን ትበላለች?» ብዬ ጠየቅኋት። «ኧረ እኛ የምንበላውን ነው የምትበላው፤ ምንም አታስቸግርሽም» አለችኝ። እኔም አመንኳት። ሁዳዴ የገባበት ሳምንት ነበር።

ለድመት ምን ምን እንደሚያስፈልግ ሰፈሩን ስጠይቅ ድመት የማያውቅ ሰው አጣሁ። አንዷ፣ ዓይኗን ሸፍነሽ ውሰጃት፣ መንገዱን ካየች ትመለሳለች አለች፤ በመሀላችን ያለው አንድ አጥር መሆኑን ረስታው። አንዱ፣ ከጠገበች አይጥ አትይዝምና አታብያት አለኝ። ሌላው ደግሞ ምግብ ካልሰጠሻት ወዳበላት ቤት ትሄዳለች አለ። የሁሉንም ሰማሁና በራሴ ተሰናዳሁ። የሳሙና ካርቶን ለምኜ አመጣሁና ከሽመናው የተረፈ የክር ቁርጥራጭ አነጠፍኩበት። አንድ የዘይት ቆርቆሮ በቁመቱ አስቀድጄ፣ ከምድጃው አመድ ነፍቼ ሞላሁላት፤ ለመጸዳጃዋ። አንገቷ ላይ የማስረው ገመድ ከቀይ ክር ገመድሁ። ቤቱን እስክትለምድ ሦስት ቀን ከሽመናው ቋሚ ጋር ታስራ እንድትቆይ አሰብሁ።

ሳህኗ ነበር ያስቸገረኝ። በእኛ ቤት ለሁዳዴ ዋዜማ የፍስኩ ዕቃ ሁሉ በአመድ ተፈትጎ በማዳበሪያ ይታሰርና እስከ ፋሲካ አይፈታም። የቀረው የጾም ዕቃ ነው፣ እሱን ደግሞ ድመት አፏን አታገባበትም። በመጨረሻ የሳልሳ ቆርቆሮ አገኘሁ። ጠርዙ ምላሷን እንዳይቆርጣት በድንጋይ ቀጥቅጬ አለሰለስኩት። በጣቴ ዙሪያውን እየዳበስኩ ስፈትሸው ራሴን እንደ ትልቅ ሰው ቆጠርኩ። አሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል፤ ለቆርቆሮው ጠርዝ የተጨነቅሁትን ያህል ቆርቆሮው የት እንደሚቀመጥ ባስብ ኖሮ።

የመጀመሪያ ቀን እንጀራ በሽሮ ፈትፍቼ ሰጠኋት። አሸተተችው፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ ዞራ ተኛች። በማግስቱ ሽሮውን ቀጠን አደረግኩት። ድንች ቀቅዬ ፈረፈርኩላት። ዳቦ በሻይ ነከርኩላት። ሦስተኛው ቀን ላይ የጎድን አጥንቷ ይቆጠር ጀመር፣ ድምፅዋም ሟሸሸ። አባቴ ጉድጓዳቸው ውስጥ ሆነው መወርወሪያውን አቆሙና፣ «ምነው ይቺ ልጅ ጾሙን ከእኔ በላይ አጠበቀችው?» አሉ። እሳቸው ሐኪሙ እየለመናቸው፣ የነፍስ አባታቸውም እየፈቀዱላቸው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም ነበር። አንዱም ሌላውም አልበላ ብለውኝ በመሀላቸው ቆሜ ቀረሁ።

ወደ እቴቴ ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ልብስ እያሰጣች ነበር።

«እቴቴ፣ ሽሮ አትበላም እኮ።»

እጇ ገመዱ ላይ ቀረ። «አትበላም?»

«እናንተ ጋ ምን ነበር የምትሰጧት?»

ወደ አጥሩ አየች፣ ከዚያ ወደ በሩ አየች። «ሽሮ ነዋ። ጾም አይደል እንዴ? ምን እንሰጣታለን?» አለች፤ ፊቷ ግን አመድ መሰለ።

ያኔ ገባኝ። ጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ እሑድ እሑድ እንደ ማንኛውም ሰው ነጠላ አጣፍታ የምትወጣው ለሰው ዓይን ነው። ጴንጤዎች ናቸው፤ አይጾሙም። ድመቷም በዚያ ቤት ተወልዳ ስታድግ ሽሮ የሚባል አታውቅም። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ከአፍ ካመለጠ ቀበሌ ድረስ ይሄዳል፤ ከቀበሌም ወዲያ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ለድመት ምግብ ልጠይቅ ሄጄ የሰው ጓዳ የምፈትሽ ሆንኩ። ላረጋጋት ብዬ፣ «ለማንም አልናገርም» አልኳት። ከዚህ የባሰ ቃል አልነበረም። «ምኑን ነው የማትናገሪው?» አለችና የቀረውን ልብስ እርጥቡን እንደታቀፈች ገብታ በሩን ዘጋች።

በማግስቱ ጠዋት አጥሩ ሥር፣ በእኛ በኩል፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። የተቀቀለ አጥንትና ጥቂት ሥጋ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ይቀመጥ ነበር። ስለሱ አንድም ቀን አላወራንም፤ ስንገናኝ ስለ ውሃ መጥፋት ነው የምናወራው።

ድመቷ ያን ቀን ስትበላ ብታዩ! እያጉረመረመች፣ በአንድ እግሯ አጥንቱን ረግጣ። ሽታው ቤቱን ሞላው። አባቴ ከጉድጓዱ ቀና አሉ። ከየት እንደመጣ አልጠየቁኝም፤ ወደ አጥሩ በኩል ትንሽ አዩና ተዉት። «እንስሳ ናት፣ ጾም የለባትም፤ ትብላ» አሉ። «ግን የፍስክ ነገር እመቤታችን ፊት አታግቢብኝ። ማድ ቤት ወስደሽ ስጫት።»

«አባባ፣ ሐኪሙ ያለው እዚህ እንድትሆን ነው።»

«ምግቡን አልኩ እንጂ ድመቷን አልኩ?»

እውነታቸውን ነው፤ ያሉት ምግቡን ነው። ግን ድመት ሳህኗ ካለበት ትለያለች? ቆርቆሮውን ማድ ቤት ወሰድኩ፣ ድመቷ ተከተለችው። ምድጃው ሥር ያለው አመድ ሞቅ ያለ ስለሆነ ያነጠፍኩላትን ካርቶን እርግፍ አድርጋ ተወችው። ምሽት ላይ አቅፌ ቤት አስገባትና ቀዩን ገመድ አስርባታለሁ። እሷ ደግሞ ወደ ማድ ቤቱ ዞራ ታለቅሳለች። አባቴ ከዘራቸውን ይዘው ተነስተው ይፈቷታል፣ በሩንም ይከፍቱላታል። «እኔ በፈቃዴ የምራበውን እሷን በግድ ላስጨንቃት?» ይላሉ። የሐኪሙን ቃል ከአባቴ ቃል ጋር ማጋጨት አልቻልኩበትም። ሥጋውን እንደምንም ደብቄ ቤት ውስጥ ልስጣት ብዬም አስቤ ነበር፤ ሥዕሉን ቀና ብዬ ሳየው ፈራሁ።

ደግሞ ሞኝነቴ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ማድ ቤት ገብታ በሳምንቱ አይጥ ያዘች። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ፤ እየጎተተች በሩ ላይ ትደረድርልኛለች። የዱቄቱ ጆንያ መቀደዱን አቆመ። የድርቆሹ ቅርጫት ሳይነካ አደረ። ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ፣ ድመት እንዲህ ነው የምትያዘው እያልኩ አስተማሪ ሆንኩ። ከማድ ቤት የሸሹት አይጦች ወዴት እንደገቡ ግን አልጠየቅሁም። ሰው በገዛ ቤቱ እንዴት ይህን አይጠይቅም? ድመት ያለችበትን ለቀው ድመት ወደሌለችበት ሄዱ፤ ከማድ ቤቱ እስከ አባቴ አልጋ አሥር እርምጃ አይሞላም።

አንድ ሐሙስ ጠዋት አባቴ እንደ ልማዳቸው ጸሎታቸውን ጨርሰው ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ። ትንሽ ሠሩና ቆሙ። «ልጄ፣ ይሄ መርገጫ ዛሬ ያዳልጠኛል። ውሃ አፍስሰሽበታል?» አሉኝ። ውሃ አላፈሰስኩም። ጎንበስ ብዬ እጄን ሰደድኩና አወጣሁት። እጄ ቀይ ሆኗል። እሳቸው ከላይ ሆነው፣ «ምንድን ነው?» ይላሉ፣ ልክ ስለ ሌላ ሰው እግር እንደሚጠይቁ።

እግሩ ጠቆረ። ሆስፒታል ገባንና ለብዙ ቀን መርፌ ተወጉ፣ ቁስሉ ታጠበ፤ አልሆነም። በሰሞነ ሕማማት ከጉልበታቸው በታች ተቆረጠ። ሐኪሙ አልተቆጣኝም። «ድመት አላገኘሽም?» ብቻ አለኝ። «አግኝቻለሁ» አልኩት። ምን ብዬ ላስረዳው? ሽሮ አልበላም አለች፣ ሥጋው ቤት አይገባም፣ ጎረቤታችን ፈራች፣ እኔም ፈራሁ ልበለው? እሱ የሚቀጥለው በሽተኛ ይጠብቀዋል።

ወደ ቤት የተመለስነው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። ጾሙ ተፈትቷል። ማዳበሪያው ተፈትቶ የፍስኩ ዕቃ ወጥቷል፣ ሥጋ ቤቶችም ተከፍተዋል። ሳንባ ገዛሁና ከትፌ በሳልሳው ቆርቆሮ ሞላሁት፤ ማንም ሳይከለክለኝ በዋናው በር አስገብቼ ከአባቴ አልጋ ግርጌ አስቀመጥኩት። ምነው አርባ ቀን ቀደም ብዬ ባደረግኩት ኖሮ!

ድመቷ ተከትላኝ ገባች። በላች፣ አፏን ላሰች፣ ከዚያ ዘልላ አልጋው ላይ ወጣች። ጋቢው በቀኝ በኩል በእግራቸው ልክ ከፍ ብሏል፤ በግራ በኩል ከጉልበት በታች ዝርግ ነው። በእግሯ መታ መታ አደረገችውና በግራ በኩል ክብ ሠርታ ተኛች። ላነሳት ሮጥኩ።

«ተያት» አሉ አባቴ።

«አባባ፣ ቁስሉን ትነካብዎታለች።»

«አትነካኝም፤ ቦታው ባዶ ነው» አሉና ዓይናቸውን ወደ ሽመናው ጉድጓድ መለሱ።