አንገቱ ይረፍ

ስለ ቤዝ ጊታር አንገት ከጠየቃችሁኝ እራታችሁ ይቀዘቅዛል። ጓደኞቼ ይህን ስለሚያውቁ አይጠይቁኝም። በብሎን ከአካሉ ጋር የታሰረ አንገት አለ፣ በኮላ የተጣበቀ አለ፣ ከራስ እስከ ጭራ አንድ ሆኖ አካሉን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ የሚያልፍም አለ። የትኛው ድምፁን እንደሚያስነክስ፣ የትኛው እንደሚያረዝመው፣ የትኛው በጆበርግ ደረቅ አየር እንደሚጣመም ሳልታክት ማውራት እችላለሁ። ይህን ሁሉ ያወቅኩት በንዴት ነው። ለረጅም ጊዜ ከአንድ አንገት ጋር ተጣልቼ ነበር። ጥፋቱ የአንገቱ እንዳልነበረ የገባኝ ዘግይቶ፣ በጣም ዘግይቶ ነው።

አባቴ መሀል ከተማ የብርድ ልብስ ጅምላ ሱቅ ነበረው። ከዚያ በፊት አይቮሪ ፓርክ በሚባል ሰፈር ስፓዛ የሚሉትን ትንሽ ሱቅ ከፍቶ ዳቦና የስልክ ካርድ ሲሸጥ ኖሯል። እኔና ታናሽ ወንድሜ ያደግነው በእነዚህ ሁለት ሱቆች ውስጥ ነው። ኮሌጅ ስገባ ቤዝ መማር ጀመርኩ። የምንኖርበት ፍላት ግድግዳው ስስ ነው፣ ጎረቤትም ያጉረመርማል፤ ስለዚህ ከትምህርት ስመለስ ከሱቁ ጀርባ ባለው መጋዘን፣ እስከ ጣሪያ በተከመረ ብርድ ልብስ መሀል እለማመድ ነበር። ቤዙም እዚያው ያድራል። ብርድ ልብስ ድምፅ ስለሚበላ ከመጋዘኑ የሚወጣው ትንሽ ነው፤ ለእኔ እንኳን ግማሹ አይደርሰኝም ነበር።

የሙስሊም ነጋዴ ልጅ፣ ያውም ሴት፣ ጊታር ይዛ መታየቷ በእኛ ሰው ዘንድ ወሬ ነው። አባቴ ለሚያወሩት ሰዎች "ምን አጠፋች?" ብሎ መልስ ይሰጥ እንደነበር ሰምቻለሁ። ለእኔ ግን በጎም ክፉም ተናግሮኝ አያውቅም። ከፊት ሆኖ "ደንበኛ መጣ፣ ቀንሺው" ሲል ብቻ ነው የምሰማው። ደንበኞቹ ደግሞ ግድ የላቸውም። ከቶኮዛ ሰፈር ብርድ ልብስ ሊገዙ የሚመጡት እናቶች አንገታቸውን ወደ መጋዘኑ አስግገው "ሻያ ንቶምቢ!" ይሉኛል፤ ምቺው አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው። አባቴም "ኢንጋኔ ያሚ" ይላቸዋል፣ ልጄ ናት። በኩራት ይበለው በሀፍረት ያኔ አልለየሁም፤ ለመለየትም አልሞከርኩም።

የመጀመሪያው ቤዜ ሰው የተጫወተበት፣ አንገቱ ከአንድ ወጥ የሜፕል እንጨት ተቀርጾ በአራት ብሎን የታሰረ ነበር። ያመጣሁት ቀን አባቴ ተቀብሎኝ የአንገቱን ጀርባ በአውራ ጣቱ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው። ብርድ ልብስ ሲገዛ ጨርቁን እንደሚዳስሰው መስሎኝ ነበር።

"ክሩ እንዲህ እንደተወጠረ ነው የሚያድረው?" አለኝ።

"አዎ።"

"አንገቱ አይደክመውም?"

"አባዬ ደግሞ! እንጨት ይደክመዋል እንዴ?" ብዬ ሳቅኩ። ከዚያም በአንገቱ ውስጥ የብረት ዘንግ እንዳለ፣ ክሮቹ ወደ ፊት ሲጎትቱ ዘንጉ ወደ ኋላ እንደሚይዝ፣ ሁለቱ ሲመዛዘኑ አንገቱ ቀጥ ብሎ እንደሚቆም በሰፊው አብራራሁለት። ከቪዲዮ የለቀምኩትን ሁሉ። አዳምጦ ሲያበቃ "ምስኪን" አለና ወደ ደንበኛው ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ ችግሩ ጀመረ። ከሰዓት በኋላ መጥቼ ቤዙን ሳነሳ ቅኝቱ ወርዶ፣ ክሮቹ ላልተው አገኛቸዋለሁ። እቃኘዋለሁ። ስቃኘው ደግሞ አንገቱ ወዲያው አይረጋም፤ ፍሬት ከሚባሉት የአንገቱ ብረቶች በታችኞቹ ላይ ክሩ እየነካካ ይንጫጫል፣ ከቆይታ በኋላ ቅኝቱ እንደገና ይሸሻል። ጊዜው የብርዱ ወራት ነበር። እዚህ አገር ብርድና ዝናብ አብረው አይመጡም፤ በብርዱ ወራት አየሩ ከንፈር እስኪሰነጥቅ ይደርቃል፣ እንጨትም እርጥበቱን ያጣል። አንገቱ ብርዱን አልቻለም ብዬ ደመደምኩ። ዘንጉን አጠብቃለሁ፣ አላላለሁ፣ ብሎኖቹን እፈትሻለሁ፣ እራገማለሁ።

አንድ ቀን በሀበሻ ሰርግ ላይ እንድጫወት ተጠራሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። በማለዳ ላልቶ ያገኘሁትን ቤዝ ቃኝቼ ሄድኩ፤ ሙሽሮቹ ገብተው ጭፈራው ሲደምቅ አንገቱ መንቀሳቀስ ጀመረ። ዘፋኙ ዞሮ አየኝ። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ጎንበስ ብሎ "ተይው እህቴ፣ ቤዙን በግራ እጄ እሸፍነዋለሁ፤ አንቺ ትንሽ ተቀመጪ" አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፣ የኛ ባንዶች ልማድ ነው። እኔ ግን ከሴቶቹ ጠረጴዛ ጥግ ተቀምጬ ሳህኔ ላይ አፍጥጬ ቀረሁ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

በሳምንቱ ቤዙን ተሸክሜ ከከተማው አሮጌ ፎቆች በአንዱ ጊታር ወደሚጠግን ሽማግሌ ሄድኩ። ወሬኛ ሰው ነው። ክሩ ይላላብኛል ስለው ሳያየው ጀመረ። አንድ ወጥ እንጨት በዚህ ከተማ አየር እንደሚጣመም፣ መፍትሔው ከአምስት ቁራጭ ተጣብቆ የተሠራና አካሉን አቋርጦ የሚያልፍ አንገት እንደሆነ ነገረኝ። የእንጨቱ ቃጫዎች ወዲያና ወዲህ ስለሚሳሳቡ አንዱ ልጣመም ሲል ሌላው ይይዘዋል አለ። ግድግዳው ላይ እንዲህ ያለ ቤዝ ተሰቅሎ ነበር። የእኔን ሰጥቼ፣ በእረፍት ቀኖቼ ሠርቼ ያጠራቀምኩትን ጨምሬ እሱን ወሰድኩ።

ድምፁ ሌላ ነበር። የመታሁት ኖታ ተነስቶ ይቆያል፣ በሆዴ በኩል ይሰማኛል። የድሮው ግን ቶሎ ይነሳና ይነክሳል፣ እንደ ከበሮ ምት ነበር፤ ለእኛ ዘፈን ምቺ ምቺ የሚያሰኘው እሱ ነው። በውስጤ ቅር ብሎኛል። ቢሆንም መርጋቱን ስለፈለግኩ ቻልኩት።

ጥቂት ቀን ቆይቼ ሳነሳው ላልቷል። አራቱም ክር።

እንዴት እንደተናደድኩ አትጠይቁኝ። ተመልሼ ሽማግሌው ፊት አስቀመጥኩለት። ማስመሪያውን በአንገቱ ላይ አጋድሞ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየ። "ይሄ አንገት ንቅንቅ አላለም" አለ። "አንገት ቢንቀሳቀስ ክሩ በጥቂቱ ነው የሚወርድ፤ እንዲህ አይዝለፈለፍም። የድሮሽም ቢሆን እዚህ ተቃኝቶ ከተሰቀለ በኋላ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሰው ገዝቶ ወስዶታል። ቤትሽ ውስጥ መቃኛውን የሚያዞር ሰው አለ።" መጀመሪያውኑ ለምን እንዳላየው ልጠይቀው ፈልጌ ተውኩት።

ወንድሜ ላይ ጮህኩ። "ሃይቦ! እኔ ለዚያ ጣውላሽ ጊዜ አለኝ?" ብሎ በሩን ወርውሮ ዘግቶ ወጣ። አላመንኩትም። ሱቅ ገብቼ አባቴን ትንሽ ጓጉንቸር እንዲሰጠኝ ጠየቅኩት።

"ለምን?"

"ለቤዙ ሳጥን። ሰው እየነካብኝ ነው።"

መሳቢያውን ከፍቶ አወጣልኝ። ከሁለት ቁልፎቹ ጋር። "አንዱ አንተ ጋ ይቀመጥ" እንኳን አላልኩትም፤ ሁለቱንም መዳፌ ላይ አደረገልኝ።

ከዚያ በኋላ ቤዙ አልላላም። ሰርግ ተጫወትኩ፣ ምርቃት ተጫወትኩ፣ ያ ኪቦርድ የሚጫወት ልጅ ሳይቀር ይደውልልኝ ጀመር። ተመርቄ ፋርማሲ ውስጥ ሥራ ያዝኩ፤ ቅዳሜና እሁድ ግን ቤዜን አነግታለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ ስለ አንገቱ እሰብካለሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አባቴ "ቀንሺው" ማለቱን ትቶ እንደነበር ያስተዋልኩት አሁን ሳስበው ነው።

ኋላ አባቴን ስትሮክ መታው። ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው፣ ንግግሩም ተሳሰረ። ሱቁ ለሸሪኩ ቀረ። አንድ እሁድ ቀን ከሰዓት ተረኛዋ እኔ ነበርኩ፤ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ቀስ ብዬ ተለማመድኩ። ሲርበው ቤዙን በአልጋው ጠርዝ አስደግፌ አጥሚት ላሞቅ ወጣሁ። ስመለስ ቀኝ እጁ የቤዙ ራስ ላይ ነበር። አንዱን መቃኛ ያዞራል፣ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። አቀማመጣቸውን ሳያይ ያውቀዋል።

"አባዬ፣ ምን እያደረግክ ነው?"

"ይረፍ እንጂ" አለ ቃሉን እየጎተተ። "ጠዋት ታጠብቂዋለሽ።"

ኩባያውን የት እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም። "መጋዘን ውስጥም አንተ ነበርክ?" አልኩት።

"እና ማን ይሁን?" ገርሞት አየኝ። "እኛ ጋ ክራር ተወጥሮ አያድርም። ጅማቱን አላልተን ነው የምንሰቅለው። ረስቼ የተኛሁ ቀን አጎቴ እጄን ይለኝ ነበር።"

"ክራር ትመታ ነበር?"

"ልጅ ሆኜ። ከዚያ ሱቅ መጣ።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "ከማላላቱ በፊት ትንሽ ትንሽ እመታው ነበር። ሱቁን ከዘጋሁ በኋላ። ወፍራሙን ክር። ብርድ ልብሱ ድምፁን ይበላልኛል። ከዚያ ቆለፍሽው።"

"አባዬ፣ እኔ እኮ አንተ መሆንህን..."

"እጄን ያልወደድሽው መሰለኝ።" ቅሬታ አልነበረበትም። ያደረ ነገር እንደሚነግረኝ ነው ያወራው።

እኔስ ምን ብል ጥሩ ነው? ስለ ዘንጉ ማብራራት ጀመርኩ። ክሩ ሲላላ ዘንጉ ብቻውን ቀርቶ አንገቱን ወደ ኋላ እንደሚያጎብጠው፣ ለቤዝ እረፍቱ ተወጥሮ ማደሩ እንደሆነ ነገርኩት። አፌን ቢዘጋኝ ኖሮ!

"እንግዲያ ያን የመጀመሪያውን ያበላሸሁብሽ እኔ ነኛ?"

"አይደለህም" አልኩ። "እንጨቱ ነው፣ ጥሩ እንጨት አልነበረም።" ያ ቤዝ ምንም እንዳልነበረው አውቃለሁ።

ከዚያ በቀኝ አውራ ጣቱ የላላውን ወፍራም ክር አንዴ መታው። ድምፅ ሳይሆን መንቀጥቀጥ ብቻ ወጣ። ግራ እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ክራር ላይ ጅማቱን እየያዘ ዜማውን የሚያወጣው ያ እጅ ነው። ያን ጊዜ ክሩን ቃኝቼ፣ የእኔን ግራ እጅ አንገቱ ላይ አድርጌ "በል ምታው" ልለው እችል ነበር። እሱ እየመታ እኔ እየያዝኩ አንድ ዜማ ይወጣን ነበር። አላሰብኩትም። እንባዬን ላለማሳየት አጥሚቱን እንደገና ላሞቅ ተነሳሁ።

ወር ሳይሞላ ወንድሜ አገር ቤት ወሰደው። አገሬ ልሂድ ያለው ራሱ ነው። የእኔ የመኖሪያ ወረቀት እድሳት ላይ ስለነበር ከወጣሁ መመለስ አልችልም፤ የሸኘሁት እስከ ኤርፖርት ነው። የሞተውም የተቀበረውም እዚያው መንደሩ ነው። በስልክ ሰማሁ።

ወንድሜን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ስለ ምን እንደማወራ እንኳን አላስታወሰም። ጓጉንቸሩን ጥየዋለሁ። ቤዙ አሁን አባቴ በተኛበት ክፍል፣ ሳጥኑ ሳይዘጋ ይቀመጣል። ከሥራ ስመለስ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ገብቼ ወፍራሙን ክር እመታለሁ። አምስቱ ቁራጭ እንጨት እርስ በርስ ተያይዞ ያን ደረቅ ብርድ ችሎታል፤ ቅኝቱ ትናንት እንደተውኩት ነው። በሰርጉ ቀን ከሴቶቹ ጠረጴዛ ጥግ ሆኜ የተመኘሁት ይህንኑ ነበር። አሁን ግን አንዱ ክር እንኳን ላልቶ ባገኘው ምን ነበረበት እላለሁ።