ደም በሦስት ቋንቋ

ግዕዝ ያስተማረኝ የለም። ቅኔ ቤት ሳልገባ ከአሮጌ መዝገበ ቃላት ጋር ተፋጥጬ ነው ያወቅኩት። ዐረብኛውን መተማ ከሰሊጥ ነጋዴዎች፣ ዕብራይስጡን እስራኤል ኖሮ ከተመለሰ ጎረቤቴ ለቀምኩ። ፒያሳ ላይ አንድ ቃል ከየት መጣ ተብሎ ክርክር ሲነሳ የምጠራው እኔ ነኝ። እስካሁን የረታኝ የለም።

ባለፈው ክረምት ለዓይኔ ቀጠሮ ነበረኝና የእህቴ ልጅ ከሳንጃ መጥቶ ሆስፒታል ወሰደኝ። በረንዳው ላይ ተራ ስንጠብቅ አንድ ሱዳናዊ ከማዋለጃው ክፍል ወጣ። ሚስቱ ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም ብሏል፤ የሱ ደም ደግሞ ከሷ ጋር አልገጠመም። በየሰዉ ፊት እየቆመ «ደም፣ ደም» ይላል።

«ቃሉ የሁላችንም ነው» አልኩት የእህቴን ልጅ። «በዐረብኛ ደም፣ በግዕዝ ደም፣ በዕብራይስጥ ዳም። ቀይ ከሚለው ጋር የሚያዛምዱትም አሉ።»

«እንግዲያ ቃሉን ስጣት፣ አያ።»

አጠገባችን የተቀመጡት ሳቁ።

«ምነው አንተ አትሰጥም? ሸጋ ጎረምሳ አይደለህ?» አልኩት።

«ደሜን ሰጥቼ ሰሊጡን ማን ሊያርምልኝ ነው?»

ተነሳሁና እጅጌዬን ሰብስቤ ከማዋለጃው ደጃፍ ለቆመችው ነርስ ክንዴን ዘረጋሁ። ኩንታል ከመሬት ብድግ ያደርግ የነበረ ክንድ ነው።

«አባባ፣ ዕድሜዎ አልፏል» አለችኝ፣ ዞራ እንኳ ሳታየው።

ሱዳናዊውን ይዤ ወደ እህቴ ልጅ ተመለስኩ። ስንተኛ ልጃቸው እንደሆነ በዐረብኛ ጠየቅኩት።

«የመጀመሪያ ነው ይላል» ብዬ ተረጎምኩ።

የእህቴ ልጅ ዱላውን ሰጥቶኝ ተነሳ። «ባልነገርከኝ ይሻል ነበር» እያለ ገባ።

አንድ ከረጢት ደም አልበቃም። እኔና ሱዳናዊው በየአግዳሚው ዞርን። እኔ እለምናለሁ፣ እሱ ከኋላዬ «ደም» ይላል። ያልገባው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል። በረንዳውን ሳንጨርስ ነርሷ ወጣች።

«አባባ፣ ቋንቋቸውን ያውቃሉ መሰለኝ። ሞታለች ብለው ይንገሩልኝ።»

ለስለስ ያለ ቃል ፈለግኩ። ዐረብኛ ሞልቶኛል፤ አረፈች፣ ፈጣሪ ወሰዳት የሚባልበትን ሁሉ አውቀዋለሁ። ዞር ስል ሰውየው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ ብሏል። ሞት በሦስቱም ቋንቋ ያው ሞት ነው፤ ከነርሷ አፍ ሰምቶታል።

«ሕፃኑንስ ማን ይረከባል?» አለች።

ይህንን መተርጎም ነበረብኝ።